የዋራ ወይስ የፎራ? ለቦረና ቆላ የሚስማማ ሃይብሪድ የመስክ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከያቤሎ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የቦረና ዞን ከተማ ናት። አስፋልቱ ከተማዋን በሰሜን ከአዲስ አበባ፣ በደቡብ ከኬንያ ድንበር ጋር ያገናኛታል። የአካባቢው ኑሮ ግን በአስፋልቱ ዳር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከዘጠኙ የቱላ ጥልቅ ኤላዎች አንዱ የሚገኘው እዚሁ ነው። ወደ ኤል ሶድ የጨው ሐይቅ፣ ወደ ግጦሹ ሜዳና በየቆላው ወደተበተኑት መንደሮች የሚደረሰው ከጥቁሩ መንገድ ወጥቶ ቀዩን አፈር፣ አሸዋውንና ኮረኮንቹን በመያዝ ነው።

የመኪና ማስታወቂያዎች ሃይብሪድ የመስክ መኪናን ሲያስተዋውቁ በእረፍት ቀን ወደ ተራራ የሚወጣ ቤተሰብ ያሳያሉ። በቦረና ቆላ ግን ከቤት ውጭ መዋል የእረፍት ቀን ጉዳይ ሳይሆን የዘወትር ሥራ ነው። ውሃ ይጓጓዛል፣ መኖ ይጫናል፣ የታመመ ሰው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ እረኛ ያለበት ድረስ ስንቅ ይደርሳል። ለበርካታ ቤተሰቦች ደግሞ የመኪናው ዋጋ የሚወጣው ከመንጋው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንብ በመቅረቱ ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አጥታለች። ከዚያ የተረፈውን ሸጦ መኪና የሚገዛ ሰው ቢሳሳት፣ ስህተቱ እንደ ጊደር አድጎ አይተካለትም። ጥያቄው የትኛው መኪና ያምራል ሳይሆን የትኛው መኪና የትኛውን ሥራ ይችላል የሚል መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የመንጋው ትምህርት

የቦረና አርብቶ አደር መንጋውን ለሁለት ይከፍላል። የሚታለቡት ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር ከቤት ሳይርቁ ይሰማራሉ፤ እነዚህ ዋራ ይባላሉ። ደረቅ ከብቶችና ወይፈኖች ደግሞ ሩቅ ግጦሽ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ እነዚህ ፎራ ናቸው። የምትታለብ ላም ወደ ፎራ የማትላከው መጥፎ ላም ስለሆነች አይደለም። ጥቅሟ ያለው ከቤት አጠገብ ስለሆነ፣ ሩቁን መንገድና የውሃውን ጥም ደግሞ ስለማትችለው ነው።

ሃይብሪድ የመስክ መኪናዎችም በዚሁ ዓይን ቢታዩ ምርጫው ይቀላል። አብዛኞቹ የዋራ መኪናዎች ናቸው። በአስፋልትና በደህና ጠጠር መንገድ ላይ ብዙ ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ሰው በምቾት ያጓጉዛሉ። ጥቂቶቹ ብቻ ለፎራ ይሆናሉ፤ እነዚያ ደግሞ ነዳጅ በመቆጠብ የሚታወቁ አይደሉም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ከአንዱ መኪና ሁለቱንም ሲጠብቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከመኪናው በፊት የሚታየው ሕጉ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ በሰጡት ማብራሪያ፣ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቀዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2014 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ወስኗል።

ይህ ለሃይብሪድ ፈላጊ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ሃይብሪድ ነዳጅም የሚጠቀም በመሆኑ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና ያገኘውን የታክስ ነፃነት ያገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። ነዳጅ በሚጠቀም ተሽከርካሪ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት በሞተሩ መጠንና በዕድሜው ይከብዳል። «አስመጣልሃለሁ» ለሚል ነጋዴ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ስለዚያ የተለየ መኪና ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለብዙ ገዢ ቀርቦ የሚገኘው ሃይብሪድ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባና ሰሌዳ የለጠፈ ያገለገለ መኪና ነው። የምርመራው ጉዳይ ከአዲስ መኪና ይልቅ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

ለሞያሌ ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። ከድንበሩ ማዶ ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ ሃይብሪዶች በብዛት ይታያሉ። ኬንያ ግን የምትነዳው በግራ ነው፤ መሪያቸውም በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ በሚነዳባት ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ መኪና ከባድ መኪና ለመቅደም ሲሞክር አሽከርካሪው ከፊት የሚመጣውን ለማየት መኪናውን ከግማሽ በላይ ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት ይኖርበታል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ለያቤሎና ሞያሌ መንገድ የሚመረጥ አይደለም።

ሃይብሪድ እንዴት ይሠራል?

ሃይብሪድ ወይም ድቅል የሚባለው መኪና ሁለት የኃይል ምንጭ አለው፤ የነዳጅ ሞተርና በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር። መኪናው ሲነሳና በዝግታ ሲሄድ ኤሌክትሪኩ ያግዛል ወይም ብቻውን ይነዳል። ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁለት ሲወረድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሆንና በሌላ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ቁጠባው የሚመጣው ከዚህ መመላለስ ነው። ስለዚህ ሃይብሪድ ከሁሉም በላይ የሚቆጥበው መቆምና መነሳት በበዛበት የከተማ መንገድ ላይ ነው። ሰፊና ባዶ በሆነ አስፋልት ላይ በአንድ ፍጥነት ሲነዳ ፍሬን ብዙ ስለማይያዝ የሚመለሰው ኃይል ያንሳል፤ ልዩነቱም ይጠባል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ሃይብሪዱ ቁጠባ የሚያወራው እውነት ቢሆንም፣ ዱብሉቅ ላይ ያው ቁጠባ በሙሉ አይገኝም።

በዓይነት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ባትሪውን ራሱ እየሞላ የሚሄደው ተራው ሃይብሪድ ነው፤ ሶኬት አይፈልግም። ሁለተኛው ትልቅ ባትሪ ያለውና ከግድግዳ ሶኬት የሚሞላው ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ራቭ 4 በሶኬት በሚሞላው ዓይነቱ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ አለው፤ በአሜሪካ የመንግሥት መለኪያ መሠረት ነዳጅ ሳይነካ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ይህ ከዱብሉቅ ያቤሎ ለመድረስ የሚቀርብ ርቀት ነው። በተግባር ግን ጭነት፣ ዳገትና ማቀዝቀዣ ርቀቱን ያሳጥሩታል። ባትሪውን ከተራ የቤት ሶኬት ለመሙላትም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ያ ትልቅ ባትሪ ሳይሞላ የሚዞር ክብደት ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ መብራት በደንብ ባለበት ከተማ የሚኖርና በቀን ከ50 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ነዳጅ ማደያ ላይሄድ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪናስ? ታክሱ ቀላል፣ ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ሆኖም የአገሪቱ የሕዝብ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ያቤሎ ደግሞ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያቤሎ ወይም ሞያሌ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ጥሩ አማራጭ ሲሆን፣ ከከተማው ወጥቶ በየቆላው ለሚዞር ሰው ገና ጊዜው አልደረሰም።

የነዳጁ ሂሳብ

ትክክለኛው ንጽጽር የሚጀምረው በሊትር ነው፤ የማደያው ዋጋ ይለዋወጣል፣ ሊትሩ ግን አይዋሽም። ከያቤሎ አዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ሰው ጭኖ በአገር አቋራጭ መንገድ የሚነዳ እንደ ራቭ 4 ያለ ሃይብሪድ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ያህል ቢወስድ ለአንድ ጉዞ 40 ሊትር ይበቃዋል። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢወስድ 74 ሊትር ይፈልጋል። በደርሶ መልስ ልዩነቱ 68 ሊትር ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴ በዓመት ከ800 ሊትር በላይ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ንጽጽር ቀላል መኪናን ከከባድ መኪና ጋር ያስተያየ ነው። ያው ራቭ 4 ሃይብሪድ ሳይሆን ተራ የቤንዚን መኪና ቢሆን በዚሁ መንገድ 8 ሊትር ያህል ነው የሚወስደው፤ በአንድ ጉዞ ከሃይብሪዱ የሚለየው በ6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ በቀረው ጊዜ መኪናውን የሚያቆም ሰው ለሃይብሪዱ የከፈለውን ተጨማሪ ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በየቀኑ ከተማ ውስጥ የሚሽከረከር ግን ቶሎ ይመልሰዋል።

ሌላው የሂሳቡ ክፍል የነዳጁ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት ሃይብሪድ የመስክ መኪናዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠቀሙት ቤንዚን ነው። ከባድ መኪናዎች፣ ወፍጮዎችና ጄኔሬተሮች የሚጠቀሙት ደግሞ ናፍጣ ነው። ከአስፋልቱ በራቀ መንደር ነዳጅ ሲያልቅ ከጎረቤት ጄኔሬተር ወይም ከሚያልፍ አይሱዙ ጥቂት ሊትር ለምኖ ከተማ መድረስ የሚችለው የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ነው። ቤንዚን የሚገኘው በአብዛኛው ከሞተር ሳይክልና ከባጃጅ ነጂዎች ሲሆን፣ በጀሪካን የተሸጠ ቤንዚን ውስጥ ውሃም ቆሻሻም ሊኖር ይችላል። የዘመናዊ ሃይብሪድ የነዳጅ መርጫ ከአሮጌ ሞተር ይልቅ ለእንዲህ ያለው ነዳጅ ስስ ነው። ከዱብሉቅ ወጥቶ ሩቅ የሚሄድ የሃይብሪድ ባለቤት ታንከሩን ከማደያ ሞልቶ መውጣትን ልማድ ማድረግ አለበት። ራቭ 4 ሃይብሪድ የሚይዘው 55 ሊትር በአግባቡ ከተነዳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ ስለሚችል፣ ይህ ከባድ ልማድ አይደለም።

ከአስፋልቱ ሲወጣ

መንገዱ ሲከፋ የነዳጅ ቁጠባ ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል። በቅድሚያ የሚታዩት የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ የኋላ ጎማዎቹ የሚያገኙት ኃይልና ጎማው ራሱ ናቸው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ሃይብሪድ የመስክ መኪናዎች ከ17 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። አምስት ሰውና ሙሉ ጭነት ሲቀመጥባቸው ከዚህም ዝቅ ይላሉ። ከባድ መኪና ያረሰው የጎማ ቦይ መሐሉ ከዚህ ከፍ ብሎ በሚገኝበት መንገድ ላይ ሆዳቸው ይመታል። ከሆዳቸው ሥር ደግሞ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ከ200 ቮልት በላይ የሚያስተላልፉ ኬብሎች ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሲመቱ የሚያስከትሉት አደጋና ወጪ ከተራ የጭስ ማውጫ ጉዳት የተለየ ነው።

ሁለተኛው የአራቱም ጎማ ኃይል ነው። «ፎር ዊል» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ነገር ይሸፍናል። ብዙ ሃይብሪዶች የሚነዱት በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ መኪናው ረጅም መምሰሉ ብቻ ገዢን ሊያታልል ይችላል። ራቭ 4 ሃይብሪድ በአራት ጎማ በሚነዳው ዓይነቱ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ለጭቃማ መንገድና ለአጭር የአሸዋ ቦታ ይረዳል። በደረቀ ወንዝ ውስጥ ረጅም አሸዋ ሲያጋጥመው ግን አቅሙ ውስን ነው። እንደ ሃዩንዳይ ቱሳን ሃይብሪድ ያሉት ባለ አራት ጎማ ዓይነታቸው ከፊት ወደ ኋላ ዘንግ አላቸው፤ በአንጻሩ 1.6 ሊትር የሆነው ሞተራቸው ቱርቦ ስላለው ንጹሕ ነዳጅና በወቅቱ የሚቀየር ጥሩ ዘይት ይፈልጋል። ሁለቱም ዝቅተኛ የኃይል ማርሽ የላቸውም። ይህ ማርሽ ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት ለመውጣትና ከጭቃ ለመውጣት በሃርድቶፕ ላይ የሚያገለግለው ማርሽ ነው።

ሦስተኛው ጎማ ነው። የቦረና ግራር እሾህ ሰፊና ዝቅተኛ ጎማ ላይ ምሕረት የለውም። ትልቅ ቸርኬና ቀጭን የጎማ ግድግዳ ለዓይን ያምራል፤ ድንጋይ ላይ ግን ይቀደዳል። ብዙ ሃይብሪዶች፣ በተለይም በሶኬት የሚሞሉት፣ ባትሪው ቦታ ስለሚወስድ ሙሉ ስኮርታ የላቸውም። በምትኩ ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ወይም የማጣበቂያ ጣሳ ብቻ ይሰጣል። ከአስፋልቱ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ለተቀደደ ጎማ ጣሳው ምንም አይፈይድም። ሙሉ ስኮርታ የሚጫንበት ቦታ የሌለው መኪና ለፎራ አይሆንም።

የዝናቡም ወቅት ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንበው ጋናና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር በሚዘንበው ሃገያ ደረቁ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል፤ በሸለቆው ያለው ጥቁር አፈርም ጎማ ይይዛል። በክረምትና በበጋ በቀላሉ የሚታለፍ መንገድ በጋና ሊዘጋ ይችላልና መኪናው መመዘን ያለበት በደረቁ ወራት ባለው መንገድ አይደለም።

አቧራ፣ ሙቀትና ጭነት

በቆላ የሃይብሪድ የተሰወረ ጠላት አቧራ ነው። በብዙ ቶዮታ ሃይብሪዶች ዋናው ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚገባ አየር ነው። የአየሩ መግቢያ በኋላ ወንበር ሥር ወይም ጎን የምትገኝ ወንፊት ናት። በቀይ አፈር መንገድ ላይ መስኮት ተከፍቶ ሲነዳ ይህች ወንፊት በአቧራ ትደፈናለች፤ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሻንጣ ወይም ጆንያ ተደግፎባት አየር ሲቋረጥም ውጤቱ ያው ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ መስኮት ዘግቶ መንዳት፣ ወንፊቷን በየጊዜው አውጥቶ ማጽዳት፣ ከፊቷም ዕቃ አለማስቀመጥ።

ጭነትም ልክ አለው። የአብዛኞቹ ሃይብሪድ የመስክ መኪናዎች የመጫን አቅም ሰውንም ዕቃውንም ጨምሮ ግማሽ ቶን ገደማ ነው። አምስት ጎልማሶች ብቻ 350 ኪሎ ይሆናሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ደግሞ 20 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ሰውና ስምንት ጀሪካን ሲጫን አቅሙ ተሟጧል፤ ፍየል ወይም የመኖ እስር ለመጨመር ቦታ የለም። ባሌስትራ ያለው የሥራ መኪና የተሠራው ለዚህ ነው፤ ለስላሳ ሞላ ያለው የቤተሰብ መኪና ግን ሥራውን ልቀማ ቢል ይሰበራል።

መንገድ ላይ ሲቆም

የአሮጌ ናፍጣ መኪና ባለቤት ባትሪው ሲሞትበት ሰው ሰብስቦ ገፍቶ ያስነሳል። ካልሆነም አይሱዙ በገመድ ይጎትትለታል። ሃይብሪድ ተገፍቶ አይነሳም። ጎማው ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነም ጎማው መሬት እየነካ ረጅም ርቀት መጎተት ጉዳት ያደርስበታል፤ በተሳቢ ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት። ነዳጁ ሲያልቅ «ባትሪው ያደርሰኛል» ብሎ መንዳትም ስህተት ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ያው ትልቁ ባትሪ ስለሆነ እሱ ከተሟጠጠ መኪናው ነዳጅ ቢያገኝም ላይነሳ ይችላል።

የመካኒክ ጉዳይም እዚሁ ላይ ይነሳል። ሃርድቶፕን የማይፈታ የገጠር ከተማ ጋራዥ የለም። የሃይብሪድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍል ግን ሥልጠናና የመመርመሪያ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ያልሠለጠነ እጅ ቢነካው ሊገድል ይችላል። በዚህ አካባቢ ከባድ ብልሽት ማለት ብዙ ጊዜ በተሳቢ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ማለት ነው። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ለማድረስ በመንደሩ ያለችው አንዲት መኪና ብቻ ከሆነች፣ ቀላል ጥገና ከነዳጅ ቁጠባ ይበልጣል።

ለፎራ የሚሆን ሃይብሪድ የለም?

አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው አዲሱ ላንድ ክሩዘር 2.4 ሊትር የቤንዚን ቱርቦ ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አጣምሯል። ጠንካራ ሻንሲ፣ ዝቅተኛ የኃይል ማርሽና የሚቆለፍ ዲፈረንሻል አለው፤ የሆዱ ከፍታም 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ሆኖም በአሜሪካ መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይወስዳል፤ ይህ ከራቭ 4 ሃይብሪድ በብዙ ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ እዚህ የተጨመረው ለቁጠባ ብቻ ሳይሆን ለጉልበትም ነው። ዋጋውም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። «ሃይብሪድ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ነዳጅ መቆጠብን እንደማያረጋግጥ ጥሩ ማሳያ ነው።

ያገለገለ ሃይብሪድ ሲገዛ

ሰሌዳ የለጠፈ ሃይብሪድ ለመግዛት የወሰነ ሰው ከሊብሬውና ከሻንሲ ቁጥሩ ቀጥሎ የሚከተሉትን ሳያይ ገንዘብ ባያወጣ ይመከራል።

• ዋናው ባትሪ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ይታይ። ባትሪው ከብዙ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ቀሪው ዕድሜ አጭር ነው።

• የኋላ ወንበር ሥር ያለችው ወንፊት ትከፈት። በአቧራ ከተሞላች መኪናው እንዴት እንደተያዘ ትናገራለች።

• ምንጣፉ ተነስቶ ጭቃና ዝገት ይፈለግ። ጎርፍ የገባበት ሃይብሪድ ዛሬ ቢሠራም ነገ ኬብሎቹ ይበላሉ።

• ሆዱ በጋራዥ ጉድጓድ ላይ ይታይ፤ የብርቱካንማ ኬብሎቹ ሽፋን የተላጠ ወይም የተጠገነ መሆን የለበትም።

• መኪናው በእውነት በአራት ጎማ የሚነዳ መሆኑ ይረጋገጥ። የስሙ አንድነት አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳም በአራቱም የሚነዳም ሊኖረው ይችላል።

• ሙሉ ስኮርታና ክሪክ መኖሩ ይታይ።

• ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነዳ፤ ዳገትም ላይ ይሞከር። ሻጩ ሁልጊዜ አሙቆ የሚያቀርበው መኪና የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ማን ምን ይምረጥ?

በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ ወይም በነገሌ ቦረና ከተማ የሚኖር፣ ሥራው በአብዛኛው በአስፋልትና በደህና ጠጠር መንገድ ላይ የሆነ ነጋዴ፣ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከተራው ሃይብሪድ ብዙ ይጠቀማል። በአራት ጎማ የሚነዳውን፣ ትንሽ ቸርኬና ወፍራም ጎማ ያለውን ቢመርጥ የበለጠ ይስማማዋል። የማይቆራረጥ መብራትና የራሱ ግቢ ያለው ደግሞ በሶኬት የሚሞላውን ሊያስብ ይችላል።

ጎብኚዎችን ወደ ኤል ሶድ አፋፍ ወይም ወደ ያቤሎ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚወስድ ሰው በደረቁ ወራት ሃይብሪዱ ይበቃዋል። ኤል ሶድ ላይ ከአፋፉ በታች ማንኛውም መኪና አይወርድም፤ ወደ ጥቁሩ ሐይቅ የሚወርዱት ሰውና አህያ ብቻ ናቸውና ለዚያ ሲባል ውድ የመስክ መኪና መግዛት አያስፈልግም።

ውሃና መኖ ለሚጭን፣ በጋናም በሃገያም ከመንገድ ውጭ ለሚዞር፣ በሽተኛ ለሚያመላልስ አርብቶ አደር ግን የናፍጣ ሥራ መኪና እስከ አሁን የሚስተካከለው አላገኘም። ብቻውን መግዛት ከከበደው ከዘመድ ጋር ሆኖ አንድ ጠንካራ መኪና መያዝ፣ ለየራስ ሁለት ደካማ መኪና ከመግዛት ይሻላል። በቱላ ኤላዎች ላይ መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠጣም፤ አባ ሄሬጋ ተራ ያወጣል፣ ከብቱም በየተራው ይደርሰዋል። ተራ ማውጣት ለሚያውቅ ማኅበረሰብ መኪናንም በጋራ ማስተዳደር እንግዳ ነገር አይደለም።

ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባው ቀላል ሥራ ያለፈውን አንድ ዓመት ጉዞ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ስንቱ በአስፋልት ነበር? ስንቱ በጠጠር? ስንቱ መንገድ በሌለበት? ስንት ጊዜ ከአምስት ሰው በላይ ተጫነ? በዓመቱ እጅግ አስቸጋሪ የነበረው ቀን የትኛው ነበር፣ በዚያ ቀንስ መኪናው ምን መቻል ነበረበት? አብዛኛው ጉዞ የዋራ ሆኖ የከፋው ቀን ሌላ መኪና በመከራየት ወይም ከዘመድ በመዋስ የሚታለፍ ከሆነ፣ ሃይብሪዱ በየቀኑ ዋጋውን ይመልሳል። የከፋው ቀን በየወሩ የሚመጣ ከሆነና በዚያ ቀን የሰው ወይም የመንጋ ሕይወት የሚንጠለጠል ከሆነ፣ መመረጥ ያለበት ያን ቀን የሚያሻግረው መኪና ነው።